በእርድ ቤት ቢጫ አይታይም

ሰው ሁሉ «እትዬ እርድ» ይላታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ያለ ምክንያት ግን አልወጣም። ከመንገዱ ጫፍ፣ ከብረት በያጁ ሱቅ ቀጥሎ ባለው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ከባሏ ጋር እርድ ስትቀቅል፣ ስታደርቅና ስትፈጭ ወጣትነቷ አልቋል፤ ጎልማሳነቷም እየተገባደደ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን መዳፏ፣ የጥፍሯ ሥር፣ የአንገቷ እጥፋትና የሻሿ ጠርዝ ከቢጫ ሌላ ቀለም አላወቁም። የቤታቸው የበር እጀታ ቢጫ ነው፤ የሻይ ኩባያው ጆሮ ቢጫ ነው፤ ትራሱ፣ አንሶላው፣ የግድግዳው ማዕዘን ሁሉ ቢጫ ነው። አንድ ጊዜ አይጥ አስቸግሯቸው ነጭ ድመት አምጥተው ነበር። ሳምንት ሳይሞላት ቢጫ ሆነች፤ ጎረቤቶችም «የእትዬ እርድ ድመት እንኳ ተፈጭታ ነው የወጣችው» ብለው ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

የእርድ ሥራ ትዕግሥት ብቻ የሚበቃው ይመስላል፤ ብልሃትም ይፈልጋል። ከማሳ የመጣው ሥር አፈሩ ታጥቦ በበርሜል ይቀቀላል። ብዙ ከበሰለ ቀለሙ ይሞታል፤ ካልበሰለ ደግሞ ሲደርቅ ውስጡ ይሻግታል። እትዬ እርድ ስንጥር ትሰካበታለች፤ ስንጥሩ ሳይታገል ከገባ እሳቱን ታወጣለች። ከዚያ በሸራ ላይ ይሰጣል፤ እንደ ጠጠር እስኪደርቅ ድረስ ፀሐይ ይመታዋል። በጣቶቿ ስትሰብረው ቀጭ የሚል ድምፅ ካልሰማች አታነሣውም። ቀጥሎ በሚሽከረከር የሽቦ ከበሮ ውስጥ ቅርፊቱ ይፋቃል፤ በመጨረሻም ወፍጮው ይቀበለዋል።

ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰው ባሏ ነው፤ ሰፈሩ «ባለ ወፍጮው» ይለዋል። ቀኑን ሙሉ ሞተር ሲጮህበት የሚውል ሰው ቤቱ ሲገባ የሚናገረው ብዙ ነገር አይኖረውም። መጋዘኑ ውስጥ ቃል ስለማይሰማ ሁለቱ በእጅ መነጋገር ለምደው ነበር፤ መዳፍ ወደ ላይ «ጨምሪ» ነው፣ መዳፍ ወደ ታች «በቃ»፣ ጭብጥ ደግሞ «ሞተሩን ላጠፋው ነው»። አንዲት ልጃቸው አግብታ ሩቅ ከሄደች ወዲህ የእጅ ንግግሩ ተከትሏቸው ቤት ገባ። እራት ላይ መዳፉን ወደ ታች ሲያደርግ ሳህኑን ታነሣለች፤ ለምን ተውክ ብላ አትጠይቅም። ስለዚህ ሴትዮዋ የባሏን እጅ ከማንም አብልጣ ታውቃለች፤ ፊቱን ካየችው ግን ቆይታለች። ኑሯቸው መጥፎ አልነበረም፤ ጥሩም አልነበረም። እንደ ደነዘዘ እግር ነበር፤ አለ፣ ይቆማል፣ ግን ቢቆነጥጡት አይሰማም።

ከስሜት ሁሉ ቀድሞ የሄደው የማሽተት ስሜቷ ነው። የእርድ ሽታ ምን እንደሚመስል ሰው ሲያወራ ትሰማለች፤ እሷ ግን እርድም ጭስም የተቃጠለ ሽንኩርትም አይሸታትም። ምግብ የምትሠራው በዓይኗ ነው። ዘይቱ ሲያብለጨልጭ ቁንጥር እርድ ጣል ታደርጋለች፤ ወደ ቡናማ ሳያልፍ ምስሩን ወይም ድንቹን ትገለብጥበታለች፤ ካለፈ ይመራልና። ሩዙ ላይ ከጥቁር በርበሬ ጋር ትጨምረዋለች። ባሏ በላ፣ አልበላ፣ ጣፈጠው፣ መረረው፣ ከእጁ ምልክት በቀር የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።

አንድ ነገር ግን ሊመሰከርላት ይገባል፤ ምስክርነቱም እዚሁ ላይ ያበቃል። ሌሎች ፈጪዎች የበቆሎ ዱቄት በቀለም ነክረው ከእርዱ ጋር ሲያዋህዱ እሷ አላደረገችውም። ከእጇ የወጣ እርድ እርድ ብቻ ነበር። ይህ ታማኝነት ስም አመጣላት፤ ስሙም ከወፍጮ ቤት ወጥቶ ወደ ሕክምና ተሻገረ። ልጇን ሳል ያስቸገራት እናት ትመጣለች፤ ወተት አፍልታ፣ እርድና ማር በጥብጣ ትሰጣታለች። እግሩ ወለም ያለው ተሸካሚ ይመጣል፤ እርድና ጨው በሞቀ ውሃ ለውሳ ታስርለታለች። ፊቷ ብጉር ያወጣ ኮረዳ ትመጣለች፤ በእርጎ አቡክታ ትቀባታለች። ሆድ የነፋው፣ ጉሮሮው የቆሰለ፣ ቁስሉ አልሽር ያለው፣ ሁሉም ይመጣል። ብዙዎቹ ይሻላቸዋል። ባይቀቡትም ባይጠጡትም ይሻላቸው የነበሩ ስንቶቹ እንደሆኑ የጠየቀ የለም፤ እሷም ራሷን አልጠየቀችም። በትንሽ ነገር ደጋግሞ የሚሰምርለት ሰው ትልቁም በእጁ ያለ ይመስለዋል፤ የዋህነት መስሎ የሚገባ ትዕቢት ይህ ነው።

ከፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊ አንድ ቀን ጣቷን በመቀስ ቆርጣ እየጮኸች መጣች።

«ኧረ እትዬ፣ ደሜ አለቀ! ድረሺልኝ!»

«ዝም በይ፤ ጣት እንጂ አንገት አይደለም» አለች እትዬ እርድ፤ ቁንጥር ዱቄት ጣል አድርጋ በጨርቅ ጠመጠመችው።

«ያቃጥላል!»

«ካላቃጠለ መች መድኃኒት ይሆናል።»

ልብስ ሰፊዋ ደሙ ሲቆም ዓይኗን ጠርጋ «አንቺኮ ዶክተር መሆን ነበረብሽ» አለች። እትዬ እርድ የጨርቁን ጫፍ ቋጠረች፤ ንግግሩ ግን ገባት። ለዓመታት ደስ ካሰኟት ጥቂት ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር፤ ደስታው እንኳ ከሩቅ የተሰማ ድምፅ ያህል ነበር።

ባለ ወፍጮው መታመም የጀመረው ብርድ በገባ ሰሞን ነው። መጀመሪያ ምግብ ቀነሰ። መዳፉ ወደ ታች የሚዞርበት ጊዜ ከሳህኑ ወገብ ወደ ሳህኑ አፍ መጣ። እሷ ሳህኑን አነሣች። ቀጥሎ ቆዳውን ያሳክከው ጀመር፤ ክንዱን፣ ጀርባውን፣ የእግሩን መዳፍ ሳይቀር። ብናኝ ላይ የሚውል ሰው ሁሉ ያሳክከዋልና እሷም አልገረማትም። ሽንቱ እንደ ጠቆረ ሻይ ሆነ። ይህን እሱ ራሱ ነገራት፤ መንገሩ በራሱ ብርቅ ነበር።

«ሽንቴ መልኩን ለወጠ» አላት ጫማውን እያወለቀ።

«እርድ ስትውጥ እየዋልክ ምን መልክ ሊኖረው ፈለግክ?»

«እሱስ ነው።»

ነገሩ በዚህ ተዘጋ። ሰውነቱ ዛለ፤ ዕድሜ ነው ተባለ። በቀኝ ጎኑ በኩል ከጎድን አጥንቱ ሥር ወጋ ወጋ አደረገው፤ ከረጢት ሲያነሣ ጡንቻው ተስቦ ነው ተባለ። ቢጫነቱን ደግሞ ማንም አላየውም፤ እንዴትስ ይታይ? ሌላ ቤት ቢሆን የመጀመሪያው እንግዳ «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የመሰልከው?» ብሎ ይደነግጥ ነበር። እዚህ ቤት ግን ቢጫ መሆን ጤና ነበር። እያንዳንዱ ምልክት እርድን ጠበቃ አቁሞ ነጻ ወጣ።

እትዬ እርድ የምታውቀውን አደረገች። ጠዋት ወተት በእርድ፣ ማታ ወተት በእርድ። እየቆየ ወተቱ ሲያቅለሸልሸው በማር ለውሳ በማንኪያ አጎረሰችው። የተወጋው ጎኑ ላይ ለጥፋ አሰረችለት። ባሰበት ቁጥር ማንኪያውን ከፍ አደረገች፤ ጨመረችለት ማለት ተንከባከበችው ማለት መስሏት ነበር። እሱም ዋጠ። «ይመራል» አላለም። ቢላትም የእሷ ምላስ መራራነትን መመርመር ከተወች ቆይታለች።

ነገሩ የታወቀው ሞተሩ ሲቃጠል ነው። አንድ ረፋድ ላይ ወፍጮው ጮኾ ጮኾ በድንገት ጸጥ አለ፤ ከሆዱ ጥቁር ጭስ ወጣ። ጠጋኙ መጥቶ ራሱን ነቀነቀና ሞተሩን ነቅሎ በጋሪ ወሰደው፤ መለዋወጫው እስኪገኝ ጠብቁ አላቸው። መጋዘኑ ዝም አለ። ብናኙ ወረደ፤ ቆርቆሮው ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ ሸራው ላይ ተኛ። እትዬ እርድ ሥራ ስታጣ ወለሉን አጠበች፣ አንሶላውን ዘፈዘፈች፣ የበሩን እጀታ በአሸዋ ፈተገች። ገላዋንም ታጠበች፤ በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ። ከዕለታት አንድ ቀን ሳህን ስታለቀልቅ እጆቿን አየችና ቆመች። የማን እጅ እንደሆነ ለጥቂት ጊዜ ጠፋት። የጠይም ሴት እጅ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ በመስኮት አይታት አፏን ያዘች። «እትዬ! ለካ ሰው ነሽ!»

«ምን መስዬሽ ነበር?»

«እኔማ ከነቢጫሽ የተወለድሽ መስሎኝ! ጋሼስ? እሳቸውም ጠርቷቸዋል?»

እትዬ እርድ ወደ ኋላ ዞረች። ባሏ በሩ ጥግ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል፤ ክንዱን ያካል። እንደ ትናንቱ ነው። ከትናንቱም የባሰ ነው፤ ዙሪያው ሁሉ ስለ ጠራ እሱ ብቻ፣ ታጥቦ በተሰጣ ነጭ አንሶላ ፊት፣ እንደ በሰለ ሎሚ ይታያል።

«ታጠብ እንጂ» አለችው።

«ታጥቤያለሁ።»

«ና፣ እኔ ልጠብህ።»

በርጩማ አምጥታ ጓሮ አስቀመጠችው፤ ሸሚዙን አወለቀች። በሳሙና አሸችው፤ አልለቀቀም። ሎሚ ገምሳ ፈተገችው፤ አልለቀቀም። የገላ ድንጋይ አምጥታ ጀርባውን ሞረደችው፤ ቆዳው ቀላ፣ መቅላቱ ሲሄድ ቢጫው ተመለሰ። ከትከሻው በታች የጎድን አጥንቶቹ በጣቷ ሥር አንድ በአንድ ተቆጠሩ፤ ይህ ሁሉ ሥጋ መቼ ሄደ? እጇ አላቆመም። የሚያስፈራ ነገር ሲገጥማቸው የሚጮኹ ሰዎች አሉ፤ የሚሮጡ አሉ፤ እሷ ግን መፈተጓን ቀጠለች።

ልብስ ሰፊዋ የአጥሩን በር ከፍታ ገባች። ቆማ አየቻቸው። ቀልዷ ከፊቷ ላይ ረገፈ።

«እትዬ፣ ተይው።»

«ቆዳው ጠጥቶት ነው፤ ቶሎ አይለቅም።»

«ቆዳውን ተይ አልኩሽ። ዓይናቸውን እዪ። ዓይናቸውንም በድንጋይ ልትፈትጊው ነው?»

እትዬ እርድ ዞራ ከፊቱ ቆመች፤ ጎንበስ አለች። ባሏ ቀና ብሎ አያት። የዓይኑ ነጭ የነበረው ነጭ አልነበረም። የእንቁላል አስኳል ይመስል ነበር። ብናኝ ዓይን ያቀላል፣ ያስለቅሳል፤ የዓይንን ነጭ ግን ቢጫ አያደርግም፤ ይህን እሷ ታውቃለች።

«የወፍ በሽታ ነው ይሄ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሐኪም ቤት ውሰጃቸው። ዛሬ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ አንቺ ደግሞ ከነደደም በኋላ ቆመሽ እያየሽ ነው።»

«ነገ» አለች እትዬ እርድ።

በነጋታው አልወሰደችውም። በሳልስቱም። እዚህ ላይ ለእሷ ጠበቃ የሚሆን ሰው ሊነሣ ይችላል፤ ደንግጣ ነው፣ ደክሟት ነው፣ አላመነችም ይል ይሆናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አይታለች፤ ያየችውንም አውቃለች፤ ያወቀችውን ግን አልተቀበለችውም። ሐኪም ቤት መሄድ ማለት የሰፈሩ መድኃኒት ለገዛ ቤቷ እንዳልሠራ በአደባባይ መናገር ነበር። ስለዚህ ማንኪያውን እንደገና ሞላች። እሱም አፉን ከፈተ። በዚያ ቤት ውስጥ ከዚያ የበለጠ ዝም ያለ ነገር አልተደረገም።

ትኩሳቱ ሲያንዘፈዝፈውና ጥርሱ ሲንገጫገጭ ልብስ ሰፊዋ ማንንም ሳትጠይቅ ታክሲ አቆመች። ደግፈው አስገቡት። መንገዱን ሙሉ እትዬ እርድ ጭኗ ላይ ያሉትን ንጹሕ እጆቿን ስታይ ሄደች። ማልቀስ እንዳለባት ታውቅ ነበር፤ እንባው ግን አልመጣም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። የታማሚውን የዓይን ሽፋን ሳብ አድርጋ አየች፣ ሆዱን ተጫነች፤ ቀኝ ጎኑ ላይ ስትደርስ አቃሰተ።

«መቼ ነው ቢጫ መሆን የጀመሩት?» አለች።

እሱ ወደ ጣሪያው አየ። እሷ ወደ ግድግዳው አየች።

«እናቴ፣ እርስዎን ነው። መቼ አዩት?»

«እኛ እርድ ፈጪዎች ነን» አለች እትዬ እርድ።

«እሺ?»

«ሁልጊዜም ቢጫ ነን።»

ሐኪሟ የያዘችውን እስክሪቢቶ አወረደች። ሠላሳ ዓመት አብራ የኖረች ሴት የባሏ ቀለም መቼ እንደ ተለወጠ ልትነግራት አለመቻሏን እያሰበች ነበር ይሆናል፤ ወይም ስለ ሌላ ታማሚ እያሰበች። ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። የሐሞት ቧንቧው በጠጠር ሳይዘጋ እንዳልቀረ፣ ትኩሳቱም የተዘጋው ስለ መረቀዘ እንደሆነ፣ ምርመራው ይህንኑ ካሳየ ሆዱን ከፍቶ ጠጠሩን ማውጣት እንደሚያስፈልግ ነገረቻቸው። ከዚያ ጠየቀች፦

«ቤት ውስጥ የወሰዱት ነገር አለ? የባህል መድኃኒት፣ ቅጠል፣ ሥር፣ ማንኛውም ነገር?»

እትዬ እርድ አፏን ከፈተች። በአልጋው ላይ የባሏ መዳፍ ወደ ታች ዞረ። «በቃ» ማለት ነው። ለዓመታት ታዝዛው የኖረችው ምልክት ነው፤ አሁንም ታዘዘችው፤ አፏን ዘጋች።

«ምንም» አለ ባለ ወፍጮው ጣሪያውን እያየ። «ምንም አልወሰድኩም።»

በዕድሜው ሙሉ ለእሷ ካደረጋቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ ይህ ውሸት ይሆናል። ክፉ ስጦታ ነበር፤ እሷም ተቀበለችው።

ምርመራው ጠጠሩን አሳየ። ጓንት ያጠለቁ እጆች የግሉኮስ ከረጢትና ቱቦ አንጠለጠሉለት፤ ትኩሳቱ በረድ አለ። በማግስቱ ሐኪሟ ኮሪደሩ ላይ እትዬ እርድን ጠርታ አቆመቻት።

«ደማቸው ቶሎ አይረጋም» አለች። «በሽታው ራሱ እንዲህ ያደርጋል፤ ግን ከጠበቅኩት በላይ ሆነብኝ። ነገ ጠዋት ልንከፍታቸው አስበናል። ሳላውቅ ብከፍታቸውና ደሙ አልቆም ቢለኝ ጠረጴዛው ላይ ሊቀሩብኝ ይችላሉ። ለዚህ ነው ደግሜ የምጠይቅዎት። የሰጧቸው ነገር አለ?»

«እሱ ነግሮሻል እኮ።»

«አሁን የጠየቅኩት እርስዎን ነው።»

«የለም» አለች እትዬ እርድ።

ሐኪሟ ሄደች። እትዬ እርድ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠች። ልብስ ሰፊዋ ሾርባ በፔርሙስ ይዛ መጥታ ቀድማ እዚያው ተቀምጣ ኖሮ ሁሉንም ሰምታለች። ፔርሙሱን መሬት ላይ አኖረች።

«ምን አልሻት አሁን?»

«ምንም።»

«ሰምቻለሁ። የማርና የእርዱን ማንኪያ እኔ ራሴ በመስኮት ሳይ አልነበር? ጠዋት ማታ?»

«ዝም በይ፤ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ሰው ካልሰማ ነገ የሚሰማው ለቅሶሽን ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ ምንድነው የፈራሽው? ሐኪሟ ትቆጣኛለች ብለሽ ነው?»

እትዬ እርድ መልሱን ፈለገች። የፈራችው ቁጣን አልነበረም። የባሏን ሞትም አልነበረም፤ ይህን ስታገኘው ራሷ ተገረመች፤ ሞቱን ልታስበው ሞከረች፣ ግን ከመስታወት ጀርባ እንደሚያልፍ ሰው ሆነባት። የፈራችው ስሟን ነበር። ልጆቻቸውን ያመጡላትን እናቶች፣ እግሩ ወለም ያለውን ተሸካሚ፣ ኮረዳዋን፤ «አንቺኮ ዶክተር መሆን ነበረብሽ» የሚለውን ድምፅ። በአንድ ወገን ይህ ነበር፤ በሌላው ወገን የአንድ ሰው ደም። ሚዛኑ ለማንም ግልጽ ነው። ለእሷም ግልጽ ነበር፤ ተቀምጣ የቆየችው ግልጽ ስላልሆነላት አልነበረም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለች ልብስ ሰፊዋ እየተነሣች። «አንቺ ደግሞ የሰውን በሽታ ነው የደበቅሽው። ሾርባው ይቀዘቅዛል።»

ብቻዋን ቀረች። ጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን እየገፋች ከእግሯ ሥር አለፈች፤ እግሯን አነሣችላት፣ መልሳ አወረደች። አንድ ሰው በተሽከርካሪ አልጋ ተገፍቶ አለፈ። ፀሐይ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ተሻገረ። ከዚያ ተነሣች። ምን እንዳስነሣት ብትጠየቅ አታውቅም፤ ልቧ አልተሰበረም፣ እግሯ ብቻ ቀጥ አለ። ወደ ሐኪሟ ክፍል ሄዳ በሩን ሳታንኳኳ ከፈተች።

«እርድ አጉርሼዋለሁ» አለች።

ሐኪሟ ከወረቀቷ ቀና አለች። «ምን ያህል?»

«በማንኪያ። ሙሉ። ጠዋትና ማታ። ሲብስበት ጨምሬለታለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ብርድ ከገባ ጀምሮ። እዚህ እስከመጣንበት ቀን ድረስ። ዓይኑን ካየሁም በኋላ ሰጥቼዋለሁ።»

የመጨረሻውን ማንም አልጠየቃትም ነበር። ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ቁጣ ቢመጣ ይቀል ነበር። ጻፈች። ከዚያ በዝግታ አስረዳቻት፦ ምግብ ላይ ጣል የሚደረገው ቁንጥር እርድ ማንንም አይጎዳም፤ በማንኪያ እየተለካ ሲዋጥ ግን ሐሞትን ይቀሰቅሳል፣ መውጫው በተዘጋበት ሰው ላይ ሕመሙን ያብሳል፤ ደምንም ሊያቀጥን ይችላል። «ነገ አልከፍታቸውም» አለች። «ደማቸው እስኪስተካከል መርፌ እንሰጣቸዋለን። እስከዚያ ቧንቧው መጠበቅ ከቻለ ነው። ቀድመው ቢነግሩኝ መርፌውን ቀድሜ እጀምር ነበር።»

«አዎ» አለች እትዬ እርድ።

እውነቱን ተናገረች። ዘግይታ ተናገረች። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንደኛው ሌላውን አይሽረውም። ዕዳን መክፈል ቸርነት አይባልምና ማንም ሊያመሰግናት አልተነሣም፤ እሷም አልጠበቀችም።

የጥበቃው ቀናት ከባዶቹ ነበሩ። ትኩሳቱ አንድ ጊዜ ተመልሶ ወጣ፤ ነርሶቹ ተሯሯጡ፤ እሷን ከመጋረጃው ውጪ አቆሟት። ቆመች። ውጪ የሚያለቅሱ የሌላ ታማሚ ቤተሰቦች ነበሩ፤ አንዲቱ ሴት ትከሻዋን ይዛ «እግዜር ይርዳሽ እህቴ» አለቻት፤ እሷም «አሜን» አለች፤ ድምፅዋ ከሌላ ክፍል የመጣ ይመስል ነበር። ትኩሳቱ ወረደ። ከዚያ ከፈቱት፤ ጠጠሩን አወጡ፤ ደሙ ቆመ።

ሲነቃ አጠገቡ ነበረች። ከንፈሩ ደርቋል።

«ነገርሻት?» አለ።

«ነገርኳት።»

«አትናገሪ ብዬሽ አልነበር?»

«በእጅህ ነው ያልከኝ።»

ሊስቅ ፈልጎ ስፌቱን ያዘ። «ሰው ምን ይልሽ ይሆን እንግዲህ።»

«ያለውን ይበል።»

ሰው ብዙ አላለም፤ ያለው ግን በቂ ነበር። ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ሳል የያዘው ልጅ ይዛ የምትመጣ እናት ስትኖር እትዬ እርድ «ሐኪም አይቶታል?» ትላለች። «ለምግብ የሚሆን ከሆነ እሰጥሻለሁ። ለሌላው ሐኪም ይየው።» አንዳንዷ ተቀይማ ሄደች፤ «ድሮ እኮ እንዲህ አልነበረችም፣ ኮራች» አለች። አንዳንዷ ወደ ሌላ ፈጪ ዞረች፤ በቀለም የተነከረ ዱቄት ገዝታ ለልጇ አጠጣች። ይህም የእትዬ እርድ ሥራ ውጤት ነው፤ ለረጅም ጊዜ ያስተማረችው ትምህርት እሷ ስለተወችው ብቻ አልተወም።

ሞተሩ ተጠግኖ ተመለሰ። ባሏ ከብናኝ ይራቅ ስለተባለ ወፍጮውን የምትነዳው እሷ ናት፤ በቀስታ፣ ከድሮው ያነሰ። ሥራው ሲያልቅ በቀጥታ ወደ ቤት አትገባም። ጓሮ ሄዳ በሳሙናና በሎሚ እስከ ክርኗ ትታጠባለች፣ ልብሷን ትቀይራለች፣ የጥፍሯን ሥር ትፍቃለች፤ ጠጠሩ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፣ ሲመጣም መጀመሪያ የሚታየው ዓይን ላይ ነው ብላታለች ሐኪሟ። በቤቱ ውስጥ ሌላ ቢጫ መኖር የለበትም።

ጠዋት ጠዋት በርጩማውን መስኮቱ ሥር ታደርጋለች። እሱ ይቀመጣል። አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ ብርሃን ታዞራለች፤ የታችኛውን የዓይን ሽፋን በአውራ ጣቷ ሳብ ታደርጋለች። ለብዙ ዓመታት ሳታየው የኖረችውን ፊት አሁን በየቀኑ ታየዋለች፤ ግራ ቅንድቡ ውስጥ ያለውን ጠባሳ፣ ከአፍንጫው ሥር ያለውን ሽበት፣ የጉንጩን ጉድጓድ። የምታየው እንደ ተሰጣ ሥር ነው፤ ደርቋል ወይስ አልደረቀም ብላ። ፍቅር ነው ብሎ የሚጠራው ሰው ቢኖር አትከራከረውም፤ እሷ ግን አልጠራችውም። በውስጧ የሚነቃ ነገር ትጠብቃለች፤ አይመጣም። እጇ ግን አይስትም።

«ምን አየሽ?» ይላታል።

«ነጭ።»

«እንግዲያ ልቀቂኛ።»

«ሌላኛውን አላየሁትም። ዝም በል።»

ሌላኛውንም ታያለች።

«እስከ መቼ ነው እንዲህ አገጬን ይዘሽ የምታዪኝ?»

«ሐኪሟ እስከ መቼ እንደሆነ አልነገረችኝም» ትላለች።